ለዛሬ የሚጠጣ፣ ለሠርግ የሚተኛ፦ ጎጃም ላይ ቀይ ወይን እንዴት እንምረጥ?

ባለፈው ኅዳር እህቴ ደብረ ማርቆስ ላይ ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቷ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ አባቷ ወደ ጓዳ ጠራኝ። "አንድ ጥሩ ቀይ ወይን ፈልግልኝ። ለሠርጓ እከፍተዋለሁ" አለኝ። ሐሳቡ ልቤን ነካው። ግን ወዲያው እሺ ማለት አልቻልኩም። ሃያ ዓመት መተኛት የሚችል ወይን ጥቂት ነው። ሃያ ዓመት የሚያስተኛው ቤት ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

ይህን የማውቀው ስለደረሰብኝ ነው። ከዓመታት በፊት ባሕር ዳር ስኖር ካቤርኔ ሶቪኞ የሚባል ጥሩ የደቡብ አፍሪካ ቀይ ወይን ተሰጥቶኝ ነበር። ሳሎን ቡፌ ላይ አቆምኩት። እንግዳ ሲመጣ ያየዋል፣ እኔም ደስ ይለኛል። በአራተኛው ዓመት ለፋሲካ ከፈትነው። ቀለሙ ቡናማ ሆኗል። ሽታው የተቀቀለ ዘቢብና ኮምጣጤ ነው። ያኔ ወይኑን ወቀስኩ። ጥፋቱ ግን የቡፌው ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው ቡፌ።

ስለዚህ "የትኛው ወይን ይሻላል?" ከማለታችሁ በፊት ሁለት ጥያቄ መልሱልኝ። መቼ ነው የምትከፍቱት? እስከዚያስ የት ነው የሚተኛው?

ወይን ሲከርም ምን ይሆናል?

መጠጥ ሲከርም ጠባዩ እንደሚለወጥ ለጎጃም ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። አክስቴ ጠጅ ትጥላለች። ጌሾው ከገባ በኋላ በየጊዜው እየቀመሰች የት እንደደረሰ ትናገራለች። መጀመሪያ ማር ማር ይላል። ቀጥሎ ይበረታል። ከልኩ ካለፈ ይኮመጥጣል። የጠጅ ዕድሜ የሚቆጠረው በሳምንትና በወር ነው። የጥሩ ቀይ ወይን ግን በዓመት ነው። ይህን ዕድሜ በአብዛኛው የሚሰጠው የፍሬው ቆዳ ነው።

ቀይ ወይን ሲሠራ ጭማቂው ከፍሬው ቆዳና ዘር ጋር አብሮ ይፈላል። ቀለሙም ታኒኑም የሚመጣው ከዚያ ነው። ታኒን ማለት ሻይ ቅጠል ውኃ ውስጥ ሲረሳ ምላስን የሚያደርቀው ነገር ነው። ዶቅማ ለቅሞ የበላ ሰው ደግሞ የበለጠ ያውቀዋል። ምላስ ያጠቁራል፣ ይጣፍጣል፣ ትንሽ አፍ ይይዛል። ወጣት ካቤርኔ ስቀምስ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ ዶቅማ ነው።

ይህ አፍ የሚይዝ ነገር የወይኑ ጠባቂ ነው። በቡሹ በኩል በጣም ጥቂት አየር ይገባል፤ ታኒኑ አየሩን ተቀብሎ ወይኑን ከመበላሸት ያቆየዋል። ዓመታት ሲያልፉ ታኒንና ቀለም እርስ በርስ ይያያዛሉ። ሲከብዱ አተላ ሆነው ጠርሙሱ ሥር ይቀመጣሉ። ለዚህ ነው ያረጀ ቀይ ወይን ቀለሙ የሚሳሳው። ከሐምራዊ ተነስቶ ወደ ጡብ ቀለም ይሄዳል። አፍ መያዙም ይለሰልሳል። የትኩስ ፍሬ ሽታው ይቀንስና ሌላ ሽታ ይመጣል፦ የቆዳ ኮርቻ፣ ትምባሆ፣ ዝናብ የመታው የደረቀ ቅጠል፣ አንዳንዴም እንጉዳይ።

ሁሉም ሰው ይህን አይወድም። ለጋ ቅቤ የሚመርጥ አለ። የከረመ ቅቤ ካልገባበት ወጥ ወጥ የማይመስለውም አለ። ወይንም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ለሚከርም ወይን ብዙ ብር ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ያረጀ ወይን የሆነ ቦታ ቅመሱ። ካልጣማችሁ ወጣቱን ግዙና በደስታ ጠጡ። ምንም አይጎድልባችሁም።

ታኒን ብቻውን ግን አያከርምም። አሲድ ያስፈልጋል፤ ምራቅ የሚያመጣው፣ ወይኑን ሕያው የሚያደርገው እሱ ነው። የፍሬ ጉልበትም ያስፈልጋል። ፍሬው ቀጭን ሆኖ ታኒኑ ከበዛ ከዓመታት በኋላ ፍሬው ይሞትና ድርቀቱ ብቻ ይቀራል። መክረም ወይኑ ውስጥ የሌለውን ነገር አይጨምርም። ርካሽ ወይን አሥር ዓመት ቢተኛ ያረጀ ርካሽ ወይን ነው የሚሆነው።

አንድ ቀላል ሙከራ ላሳያችሁ። ሁለት ተመሳሳይ ጠርሙስ ግዙ። አንዱን ክፈቱና አንድ ብርጭቆ ጠጡ። ቡሹን መልሳችሁ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጡት። በማግስቱ ቅመሱ፣ በሦስተኛው ቀንም ቅመሱ። በሁለተኛው ቀን የተሻለ ከሆነ ሁለተኛው ጠርሙስ የተወሰኑ ዓመታት ሊተኛ ይችላል። በማግስቱ የሞተ ከሆነ ግን ሌላውንም ቶሎ ጠጡት። ሙከራው ፍጹም አይደለም። እኔን ግን ከብዙ ኪሳራ አድኖኛል።

አማራጮቹን ጎን ለጎን ስናያቸው

ከቤታችን እንጀምር። ጉደር ሁላችንም የምናውቀው የአዋሽ ወይን ጠጅ ነው፤ ድራይ የሚባለው ዓይነት፣ ጣፋጭ ያልሆነ። አክሱማይት ጣፋጭ ነው። ዝዋይ አካባቢ የወይን እርሻ ያለው ካስቴል ደግሞ በ2014 እ.ኤ.አ. ሪፍት ቫሊና አካሲያ የሚባሉትን ይዞ ገበያ ገባ። ሪፍት ቫሊ ሜርሎ፣ ሲራና ካቤርኔ ሶቪኞ ከሚባሉ የወይን ፍሬ ዝርያዎች ተሠርቶ ይመጣል። እነዚህ ሁሉ ለዛሬ የተሠሩ ናቸው። ይህ ነቀፋ አይደለም። ዓለም ላይ የሚሸጠው አብዛኛው ወይን በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ እንዲጠጣ የተሠራ ነው። በእኔ ምላስ የሪፍት ቫሊ ካቤርኔ ጥሩ ቦታ ካገኘ ሁለት ዓመት ይታገሣል። ሌሎቹን በገዛችሁበት ዓመት ጨርሷቸው።

ለዶሮ ወጥ ደግሞ ከብዙ ውድ ወይን እነዚህ ይሻላሉ። በርበሬና ታኒን አይዋደዱም። ገና ወጣት የሆነ፣ ታኒኑ የከበደ ወይን ከዶሮ ወጥ ጋር ስትጠጡ በርበሬው ይባስ ያቃጥላል፣ ወይኑም ይመርራል። ትንሽ ስኳር ያለው ወይም ለስለስ ያለ ቀይ ግን ቃጠሎውን ያበርደዋል። ለጥብስ ነገሩ ይገለበጣል፤ የሥጋው ስብ ታኒኑን ያለዝበዋል።

ከዚህ ከፍ ስንል የደቡብ አፍሪካ ወይን አለ። ስቴለንቦሽ የሚል የአካባቢ ስም ያለበት ጥሩ ካቤርኔ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ይከርማል። ፒኖታዥ የሚባለው የራሳቸው ዝርያ ነው፤ በ1925 እ.ኤ.አ. ፒኖ ኗርና ሳንሶ የሚባሉ ሁለት ዝርያዎች ተዳቅለው የተገኘ። እሱን ወጣት ሳለ እመርጠዋለሁ። የአርጀንቲና ማልቤክና የቺሊ ሜርሎም አሉ። ጣፋጭ ፍሬ አላቸው፣ ብዙዎቹ ግን መጠበቅ አይፈልጉም።

አሁን ወደ ትልልቆቹ እንምጣ። ሰው "ፕሪሚየም" ሲል መጀመሪያ የሚያስበው የፈረንሳዩን ቦርዶ ነው። እዚያ ውስጥ ሜዶክ የሚባለው አካባቢ ካቤርኔ ሶቪኞን ከሜርሎና ከሌሎች ጋር ቀላቅሎ ይሠራል። በ1855 እ.ኤ.አ. ለፓሪሱ ኤግዚቢሽን ሲባል የወይን አምራች ቤቶቹ በአምስት ደረጃ ተመደቡ። ያ ምደባ እስከ ዛሬ አለ። ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ደረጃ ያደገው ሙቶን ሮትሺልድ ብቻ ነው፣ እሱም በ1973 እ.ኤ.አ.። ምርጦቹ አሥር ወይም ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው ጣዕማቸው በደንብ አይወጣም። ወጣት ሳሉ ጣዕማቸው ዝግ ነው፤ ዋጋቸውን አስቦ የሚጠጣ ሰው ያዝናል።

ሜዶክ ላይ የምርት ዘመኑ ከስሙ እኩል ይመዝናል። የ2010 እና የ2016 ምርት (ጠርሙስ ላይ ያለው ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ጠንካራ ነው፤ ለመክረም የተፈጠረ። 2013 ብርድና ዝናብ የበዛበት ዓመት ነበር። የ2013 ጠርሙስ ትልቅ ስም ይዞ በርከስ ያለ ዋጋ ካያችሁ ዛሬውኑ የሚጠጣ ነው፣ አታስተኙት።

ባሮሎ የጣሊያን ነው፣ ኔቢዮሎ ከሚባል ፍሬ ብቻ ይሠራል። ሕጉ ቢያንስ 38 ወር እንዲቆይ ያዝዛል፤ ከዚያ ውስጥ 18ቱ በእንጨት በርሜል። ቀለሙ ሳሳ ያለ ስለሆነ ሰው ቀላል ይመስለዋል። አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ታኒኑ ከሜዶክም ሊብስ ይችላል። በጣም እወደዋለሁ። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ውድ ወይን ለሚገዛ የጎጃም ቤት አልመክረውም። ብዙ ትዕግሥትና ቀዝቃዛ ቤት ይጠይቃል።

እኔ ከልቤ የምመክረው የስፔኑን ሪዮሃ ነው። ምክንያቱን ላስረዳ። የሪዮሃ ሰዎች የመጠበቁን ሥራ ራሳቸው ሠርተው ነው የሚሸጡት። ጠርሙሱ ላይ ክሪያንሳ የሚል ካለ ሁለት ዓመት ቆይቷል፣ ቢያንስ አንዱን ዓመት በኦክ እንጨት በርሜል። ሬሴርቫ ሦስት ዓመት ነው። ግራን ሬሴርቫ ደግሞ ቢያንስ አምስት ዓመት ቆይቶ ነው የሚወጣው፣ ከዚያ ሁለቱን በበርሜል። ዋናው ፍሬው ቴምፕራኒዮ ነው። ስትገዙት ያ የቆዳና የደረቀ ቅጠል ሽታ ጀምሯል፤ ታኒኑም ለስልሷል። አደጋው ያለው ቤታችን ውስጥ ነው ካልን፣ ቤታችን የሚቆይበትን ጊዜ ማሳጠር ትልቅ ጥቅም ነው። ዋጋውም ተመሳሳይ ዕድሜ ካለው ሜዶክ ጋር ሲተያይ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ለመልስ፣ ለምርቃት፣ ለአሥረኛ ዓመት የጋብቻ በዓል፣ በጥቅሉ በአምስት ዓመት ውስጥ ለምትከፍቱት ነገር ሁሉ ምርጫዬ ግራን ሬሴርቫ ነው።

ለሃያ ዓመትስ? እዚህ ላይ መልሴ ፖርት ነው። ፖርቱጋል ውስጥ ዶውሮ ከሚባል ሸለቆ የሚመጣ ጣፋጭ ቀይ ወይን ነው። መፍላቱ ሳያልቅ ከወይን የወጣ አረቄ ይጨመርበታል፤ መፍላቱ ይቆማል፣ ስኳሩ ይቀራል፣ አልኮሉ ወደ 20 በመቶ ይወጣል። ስኳር፣ አልኮልና ታኒን አንድ ላይ ስላሉት ከሌላው ቀይ ወይን የበለጠ ይታገሣል። ለጠጅ የለመደ ምላስም ቶሎ ይወደዋል።

ግን ፖርት ሁሉ አንድ አይደለም። የሚከርመው "ቪንቴጅ" የሚለው ነው። በርሜል ውስጥ ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ቆይቶ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ለአሥርት ዓመታት ይለወጣል። "ቶኒ" የሚባለው በርሜል ውስጥ አርጅቶ የመጣ ነው፤ ጠርሙስ ውስጥ ብታቆዩት አይሻሻልም፣ ግዙና ጠጡት። ቪንቴጅ ደግሞ በየዓመቱ አይወጣም። አምራቾቹ ዓመቱ ጥሩ ነው ብለው ሲያውጁ ብቻ ነው። 2011፣ 2016 እና 2017 በስፋት የታወጁ ናቸው። የልጃችሁ የልደት ዓመት ፖርት ከፈለጋችሁ ሁለት ሦስት ዓመት መጠበቅ አለባችሁ፤ ዓመቱ ሳይታወጅም ሊቀር ይችላል። የልደት ዓመቱ ይቅር፣ የታወጀውን ዓመት ያዙ እላለሁ።

ቤቱ ከወይኑ እኩል ነው

ወይን የሚወደው 12 ወይም 14 ዲግሪ አካባቢ፣ ጨለማና ጸጥ ያለ ቦታ ነው። ሙቀት ለውጡን ያፈጥናል፤ ጥሩውን ለውጥ ብቻ ሳይሆን መጥፎውንም። ከሙቀቱ የባሰው ግን መዋዠቁ ነው። ቀን ሲሞቅ ወይኑ ያብጥና ቡሹን ይገፋል። ሌሊት ሲበርድ ይቀንስና አየር ይስባል።

ታዲያ ጎጃም አንድ ዓይነት አይደለም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ነች። እንጅባራም ብርድ ነው። እዚያ ያለ ሰው ያለ ምንም ማሽን ወይን ማክረም ይችላል። ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ነች፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቀዋል። ፍኖተ ሰላምም ሞቃት ነው። ባሕር ዳር ያላችሁ ቤታችሁ ውስጥ ከሦስትና ከአራት ዓመት በላይ ባታስተኙ ጥሩ ነው። ደጋ ዘመድ ካላችሁ እሱ ጋ አስቀምጡ። የወይን ፍሪጅም አለ፤ ግን መብራት እየሄደ እየመጣ ያው መዋዠቁ ይመለሳል።

ቤት ውስጥ ደግሞ ቦታ ምረጡ። ኩሽና አይሆንም። ፍሪጅ ላይ አይሆንም፣ ይሞቃልም ይንቀጠቀጣልም። ቡፌ አይሆንም። ቆርቆሮው ሥር ያለ መደርደሪያ ፈጽሞ አይሆንም። የቁም ሣጥን ወለል፣ ከውጭ ግድግዳ የራቀው በኩል፣ ይሻላል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን የጭቃ ቤት ጓዳ ነው። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ቀንና ሌሊቱን ያመሳስለዋል። እናቶቻችን የጠጅ ጋን የሚያስቀምጡት እዚያ ነው፣ አውቀው ነው። ተራ የግድግዳ ቴርሞሜትር ግዙና ሚያዝያ ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት እዩት። ከ20 በታች ከሆነ ደስ ይበላችሁ።

ቡሽ ያለው ጠርሙስ ይተኛ፣ አይቁም። ቡሹ ከወይኑ ጋር ካልተነካካ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። በሚዞር ክዳን የተዘጋ ግን ቢቆምም ግድ የለም።

መንገዱንም አትርሱ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ወይን የዓባይን በረሃ ያልፋል። ከደጀን አፋፍ እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፣ ታች ያለው ሙቀት ሌላ ነው። ውድ ጠርሙስ የምታስመጡ ከሆነ ጠዋት በማለዳ በሚያልፍ መኪና ይሁን፤ ዕቃ መጫኛ ላይ ሳይሆን ሰው እግር ሥር፣ በጋቢ ተጠቅልሎ።

ሱቅ ውስጥ

መስታወቱ ዳር ፀሐይ የሚመታውን ጠርሙስ ተዉት። ቡሹ ወደ ላይ የወጣ ወይም አንገቱ ሥር ወይን የፈሰሰበት ምልክት ያለው ከሆነም ተዉት። የወይኑ ከፍታ አንገቱ ውስጥ መሆን አለበት፤ ትከሻው ላይ ከወረደ አየር ገብቷል። ዓመቱን አንብቡ። "አሥር ዓመቱ ነው" ተብሎ በሙቀት ሱቅ ውስጥ አሥር ዓመት የቆመ ጠርሙስ ስጦታ አይሆንም። ቪንቴጅ ፖርት ባሕር ዳር ሱቅ ውስጥ አይቼ አላውቅም። ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ መንገር ይሻላል።

ከቻላችሁ አንድ ሳይሆን ሦስት ግዙ። አንዱን ከዓመታት በኋላ በመሃል ትከፍቱና የት እንደደረሰ ታያላችሁ፤ አክስቴ ጋኑን እንደምትቀምሰው።

የመክፈቻው ቀን ሲደርስ ያረጀውን ጠርሙስ ከአንድ ቀን በፊት አቁሙት፣ አተላው ይውረድ። ስትቀዱ እንደ ጀበና ቡና ነው። ሰክኖ፣ በቀስታ፣ አተላው አንገት ላይ ሲደርስ ማቆም። ባሕር ዳር ከሆናችሁ ከመቅዳታችሁ በፊት ሃያ ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት። "ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣል" የሚባለው ክፍሉ 16 ወይም 18 ዲግሪ ሲሆን ነው። ሽታው የረጠበ ካርቶን ከሆነ ቡሹ አበላሽቶታል፤ የእናንተ ጥፋት አይደለም።

ለእህቴ ባል በመጨረሻ ሦስት ጠርሙስ አገኘሁለት። አንዱ ሪዮሃ ግራን ሬሴርቫ ነው፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት የምትገባ ቀን ወላጆቿ በጥብስ ይጠጡታል። ሁለቱ የ2017 ቪንቴጅ ፖርት ናቸው፣ ከውጭ የመጣ የአጎት ልጅ በልብስ ጠቅልሎ ያመጣቸው። አንዱ ለአሥራ ሁለተኛ ዓመቷ ተከፍቶ ይቀመሳል፣ ሌላው ለሠርጓ።

ሦስቱም አሁን ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለው የአክስቴ ጭቃ ቤት ጓዳ ውስጥ፣ ከጠጅ ጋኖቹ ጀርባ ተጋድመዋል። ሚያዝያ ላይ በ9 ሰዓት ለካሁት፣ 18 ዲግሪ ነበር። አክስቴ ጠርሙሶቹን አየች፣ አገላበጠቻቸው። "ይሄ ሁሉ ዓመት ማንም አይቀምሰውም?" አለችኝ። አንዱን በመሃል እንደምንቀምሰው ነገርኳት። "እንዲያ ይሻላል" አለችና አሮጌ ጋቢዋን አምጥታ አለበሰቻቸው።